ውጡልን፤ መጀመሪያ ግን ዕቃውን እጠቡ

ዴንማርክ ውስጥ አንዲት ሚኒስትር ኬክ ቆረሱ። ልደት አይደለም፤ ሠርግ አይደለም፤ ምርቃትም አይደለም። ኢንገር ስቶይበርግ ይባላሉ፤ የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በመጋቢት 2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ነገሩም የፈረንጆቹ ነው) ስደተኞችን የሚመለከተውን ሕግ ለ50ኛ ጊዜ ስላጠበቁ፣ «50» የተጻፈበት ኬክ ይዘው ፈገግ እንዳሉ ፎቶ ተነሡና ፌስቡክ ላይ ለጠፉት። እኛ ጋ ድግስ የሚደገሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። እትዬ ኢንገር እንግዳ ቀረልኝ ብለው ደገሱ።

ወጪው ግን በኬኩ አላበቃም። ከሁለቱ አንዳቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ጥገኝነት ጠያቂ ጥንዶች፣ ጉዳያቸው በየግሉ ሳይታይ በጅምላ ይነጣጠሉ ብለው ማዘዛቸው ሕገ ወጥ ነው ተባለ። በታኅሣሥ 2021 ሚኒስትሮችን የሚዳኘው ልዩ ፍርድ ቤት 60 ቀን ፈረደባቸው። እስራቱንም እግራቸው ላይ መቆጣጠሪያ ታስሮላቸው ቤታቸው ፈጸሙት። ዓመቱን ሙሉ «ከአገር ውጡ» ሲሉ የኖሩ ሴትዮ «ከቤት እንዳትወጪ» ተባሉ።

አፍረው ተቀመጡ? ምን በወጣቸው! በ2022 የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ፓርላማ ተመለሱ። የተጎዳው ሌላ ነው። «የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ» የሚባል በዚህ ገበያ ላይ የቆየ ነጋዴ ነበረ፤ በ2015 ምርጫ 21 በመቶ ድምፅ አፍሷል። ከዚያ የሜቴ ፍሬድሪክሰን ሶሻል ዴሞክራቶች «ይህንንማ እኛም እናውቅበታለን» ብለው አጀንዳውን ተረከቡት፤ በ2022 ነባሩ ነጋዴ 2.6 በመቶ ላይ ተገኘ። ያቦኩት እነሱ፣ የጋገሩት ሌሎች፣ የቆረሱት እትዬ ኢንገር።

«ሥራችንን ወሰዱብን» የሚለው ዘፈን አውሮፓ ውስጥ በየቋንቋው ይዘፈናል። የሃንጋሪው ጋሽ ቪክቶር ኦርባን በ2015 በየአደባባዩ ትልልቅ ማስታወቂያ አሰቀሉ። «ወደ ሃንጋሪ ከመጣህ የሃንጋሪያውያንን ሥራ መንጠቅ አትችልም» ይላል። በሃንጋሪኛ! ከአሌፖ በእግሩ የመጣ ሶርያዊ ሃንጋሪኛ ከየት ይምጣለት? ማስታወቂያው ለመጪው ሳይሆን ለመራጩ ነበር። ፖስታው ላይ የሶርያዊውን ስም ጽፈው ደብዳቤውን ለቡዳፔስት ጡረተኛ አነበቡለት። እኛ አግቦ የምንለውን ጋሽ ኦርባን በመንግሥት በጀት ሠሩት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያጥረው ከፊሊፒንስና ከቬትናም «እንግዳ ሠራተኛ» ማስመጣት ተጀመረ። እንኳንም ማስታወቂያውን በፊሊፒንስ ቋንቋ አላስጻፉት፤ ማን ይመጣላቸው ነበር?

ስፔን ደቡብ፣ አልሜሪያ ውስጥ፣ ኤል ኤሂዶ የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋ ዓይን እስኪደክም ድረስ በፕላስቲክ የተሸፈነ የአትክልት እርሻ ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው በብዛት ሞሮኳዊና ከሰሃራ በታች የመጣ አፍሪካዊ ነው። በታኅሣሥ 2018 በተደረገው የአንዳሉሲያ ምርጫ በከተማዋ አንደኛ የወጣው ማነው? ስደተኛ ይውጣ የሚለው ቮክስ። ቲማቲሙ ይምጣ፤ ለቃሚው ይውጣ።

አሁን ወደ ጣሊያን። እዚህ ጋ ወንበር ስበን እንቀመጥ፤ ጨዋታው ረዘም ይላል።

እትዬ ጆርጂያ ሜሎኒ ከመመረጣቸው በፊት «ባሕሩን በባሕር ኃይል እንዘጋዋለን» ይሉ ነበር። በመስከረም 2022 ተመረጡ። በ2022 በባሕር ጣሊያን የገባው ሰው 105 ሺህ ያህል ነበር፤ በ2023 ከ157 ሺህ በላይ ሆነ። መርከቡ የት ሄዶ ነው? ሌላ ሥራ ይዞ ነበር።

ሥራው ይህ ነው። በኅዳር 2023 እትዬ ጆርጂያ ከአልባኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከኤዲ ራማ ጋር ተፈራረሙ። ባሕር ላይ የተያዙ ስደተኞች ወደ አልባኒያ ተወስደው ጉዳያቸው እዚያ እንዲታይ፣ አንዱ ወደብ ላይ፣ አንዱ ጃደር በሚባል መንደር ማቆያ ተሠራ። ለአምስት ዓመት የተያዘለት ወጪ ከ600 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። በጥቅምት 2024 ሊብራ የተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ የመጀመሪያዎቹን ጭና ደረሰች። ጋዜጠኛው ወደቡ ላይ ተሰልፏል። ስንት ሰው ወረደ? 16። አሥር ከባንግላዴሽ፣ ስድስት ከግብፅ። ከሜክሲኮ ጀሞ የሚሄድ ሚኒባስ ማታ ማታ ከዚህ የበለጠ ይጭናል፤ ለዚያውም ረዳቱ «አንድ ሰው፣ ጠጋ ጠጋ!» እያለ።

ከ16ቱ ሁለቱ ለአካለ መጠን ያልደረሱ፣ ሁለቱ ሕመምተኞች ሆነው ተገኙና ወዲያው ተመለሱ። የቀሩትን 12 የሮም ፍርድ ቤት «እዚያ ማቆየት አይቻልም» አለ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ጣሊያን ገቡ። በቀጣዩ ወር መርከቧ ስምንት ሰው ይዛ ሄደች። እነሱም ተመለሱ። የባሕር እገዳ ተብሎ የተጀመረው የደርሶ መልስ መስመር ሆነ። ለምግቡና ለአልጋው እንግዳ ሲጠፋ በ2025 ማቆያውን ከጣሊያን እንዲባረሩ ለተወሰነባቸው ሰዎች መጠበቂያ አደረጉት። ሰውየው ከጣሊያን ሊባረር አልባኒያ ይሄዳል፤ አልባኒያ ሆኖ ከጣሊያን መባረሩን ይጠብቃል። ይህን የገባው ካለ ለእኔም ያስረዳኝ።

አልባኒያም ዝም ብላ የተመረጠች አይደለችም፤ የድሮ ትዝታ አለ። በነሐሴ 1991 ቭሎራ የምትባል መርከብ 20 ሺህ ያህል አልባኒያውያንን ጭና ባሪ ወደብ ደርሳ ነበር። ጣሊያን አብዛኞቹን ወዲያው ብትመልስም ቀኑን አልረሳችውም። ከ33 ዓመት በኋላ 16 ሰው ላከችላቸው። ብድር በምድር ነው፤ አከፋፈሉ በረጅም ጊዜ ይሁን እንጂ።

ይህ ሁሉ ትርዒት ፊት ለፊት ሲታይ ከጀርባ ምን ይሠራ ነበር? ያው የእትዬ ጆርጂያ መንግሥት ከ2023 እስከ 2025 ለ452 ሺህ የውጭ አገር ሠራተኞች ፈቃድ ለመስጠት ወሰነ። ለእርሻው፣ ለግንባታው፣ ለሆቴሉ፣ አዛውንት ለሚጦሩት። ለቀጣዩ ሦስት ዓመት ደግሞ ወደ 500 ሺህ አደረሱት። 16ቱ በካሜራ ፊት በመርከብ ይወጣሉ፤ 452 ሺው በወረቀት፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይገባሉ። ማንም ደግሞ 452 ሺህ የተጻፈበት ኬክ ይዞ ፎቶ አልተነሣም።

እግረ መንገዴን፤ ከሮም «ሳይፈቀድላቸው ድንበር ጥሰው የገቡ» ሲባል ስሰማ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። በእኛው በ1928 ዓ.ም. የመጡት ቪዛቸውን የት አስመቱ? ሲሸነፉም ሁሉም አልሄዱም፤ ጋራዥ ከፍተው፣ ወልደው ከብደው የቀሩ አሉ። «ጣሊያን ይውጣልን» የሚል ፓርቲም አልተቋቋመባቸውም። (ፓርቲ የሚባል ነገር ራሱ ስላልነበረ ይሆናል፤ እውነቱን እናውራ ከተባለ።)

ጀርመን «አማራጭ ለጀርመን» የሚባል ፓርቲ አለ። በ2013 ሲመሠረት ዩሮን የሚቃወሙ የኢኮኖሚ ፕሮፌሰሮች የመሩት ነበር። ገንዘቡን ሊያባርሩ ተሰባስበው ገንዘቡ እምቢ ሲላቸው ወደ ሰው ዞሩ። በየካቲት 2025 ምርጫ 20.8 በመቶ አግኝተው ሁለተኛ ወጡ። ዋናው ደጀናቸው ምሥራቁ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ከምዕራቡ ያነሰበት። ፍራንክፈርት ላይ ከኤርትራዊ፣ ከቱርክና ከሶርያዊ ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ያን ያህል አልደነገጠም። የደነገጠው በቴሌቪዥን ያያቸው ነው።

ከፓርቲው ሁለት መሪዎች አንዷ አሊስ ቫይደል ናቸው። ፓርቲያቸው ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጆች ነው ይላል፤ እሳቸው ልጆች የሚያሳድጉት ከሴት ጋር ነው። ፓርቲያቸው የውጭ ሰው በዛ ይላል፤ አጋራቸው ትውልዳቸው ከስሪላንካ ነው። ፓርቲያቸው ጀርመንን አድናለሁ ይላል፤ ቤተሰባቸው የሚኖረው ስዊዘርላንድ ነው። ማንም ከማን ጋር ቢኖር የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ይመቻቸው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እሳቸው ቤት ይህን ያህል የሠራ ነገር ለጎረቤት ለምን ይከለከላል?

በዚያው ምርጫ ሰሞን ካርልስሩኸ ከተማ የፓርቲው ሰዎች የአውሮፕላን ትኬት የሚመስል ወረቀት አደሉ። የማባረሪያ ትኬት ነው፤ መሄጃ ብቻ፤ መነሻው ጀርመን፣ ቀኑ የምርጫው ዕለት። ዓላማው ሰው እንዲፈራ ነበር። የእኛ ሰው ግን ወረቀቱን አገላብጦ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ «ሻንጣ ስንት ይፈቅዳል?» ሁለት ጊዜ 23 ኪሎ ከሆነ መነጋገር ይቻላል። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከሆነ ለአክስት ልጆች የተገዛው ጫማ እንኳ አይገባም፤ አንሄድም።

ስዊድኖች ቢያንስ ከነብሩ መጡ። በስዊድን ዴሞክራቶች ድጋፍ የቆመው መንግሥት፣ ከጥር 2026 ጀምሮ በፈቃዱ ወደ አገሩ ለሚመለስ ስደተኛ እስከ 350 ሺህ ክሮነር እሰጣለሁ አለ፤ በፊት 10 ሺህ ነበር። አዲስ አበባ ያለች እናት ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከኝ?» ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ተቀብለህ ስታበቃ መልሰህ መሄድ ይቻላል?»

ሆላንድ የጋሽ ኼርት ቪልደርስ አገር ናት። በ2006 ያቋቋሙት የነፃነት ፓርቲ አባሉ አንድ ነው፤ ራሳቸው። በስሙ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት እንኳ አባል አይደሉም። ጠቅላላ ጉባኤውን እስቲ አስቡት። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ሪፖርት አቀረቡ፤ አባሉ አጨበጨቡ። አስተያየት የለም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የሻይ ዕረፍት ተሰጠና ተሰብሳቢው ተበተኑ፤ አንድ ሰው እንዴት እንደሚበተን ባይገባኝም። ታዲያ እኒህ ሰው ስደተኛ አላስገባም ቢሉ ምን ይገርማል? ሆላንዳዊም አላስገቡ።

በኅዳር 2023 ከ150 ወንበር 37 አግኝተው አንደኛ ወጡ። ጥምር መንግሥት ተመሠረተ፤ የጥገኝነትና የስደት ሚኒስቴሩም ለእሳቸው ወገን ተሰጠ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ተባሉ። 11 ወር ጋለቡ። በሰኔ 2025 «የጥገኝነት ዕቅዴን አልፈርም አላችሁ» ብለው ጥምረቱን ጥለው ወጡ፤ መንግሥቱም ወደቀ። በጥቅምቱ ምርጫ 37ቱ ወንበር 26 ሆነ። ሰው ሊያስወጡ ተመርጠው መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው።

የኦስትሪያውን ሃይንስ ክሪስቲያን ሽትራኸን በአጭሩ እንለፋቸው፤ የራሳቸው ቪዲዮ በቂ ነው። አገር ለባዕድ አይሰጥም የሚለውን ፓርቲ ይመሩ ነበር። በ2019 የወጣው ቪዲዮ ላይ ኢቢዛ ደሴት ተቀምጠው፣ የሩስያ ባለሀብት ዘመድ ነኝ ላለች ሴት የመንግሥት ኮንትራት ቃል ሲገቡ ታዩ። ባዕድ ይውጣ ያሉት ሰውዬ ባዕድ ብር ይዞ ሲመጣ ወንበር ሳቡለት። ሴትዮዋ ደግሞ የማንም ባለሀብት ዘመድ አልነበረችም። ፓርቲው በዚህ ሞተ እንዳትሉ፤ በመስከረም 2024 በ28.8 በመቶ አንደኛ ወጣ።

እንግሊዞች ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ሲያባርሩም ይቅርታ ይጠይቃሉ። በሰኔ 2016 «ድንበራችንን እኛው እንቆጣጠር» ብለው 52 በመቶው ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጡ፤ ብሬግዚት አሉት። ያኔ በዓመት ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው ሰው 330 ሺህ ገደማ ነበር፤ በዛ ተባለ። ፖላንዳዊው ሠራተኛ ሄደላቸው። ከዚያ ሽማግሌውን የሚያጥበው፣ ሆስፒታል የሚያድረው ሲጠፋ ከሕንድና ከናይጄሪያ ተጠራ። በሰኔ 2023 ባበቃው ዓመት ቁጥሩ ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። ቀንሱልን ብለው መርጠው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

የሩዋንዳው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ቦሪስ ጆንሰን በሚያዝያ 2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ኪጋሊ እልካለሁ አሉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ፕሪቲ ፓቴል ወላጆቻቸው ከኡጋንዳ የመጡ ናቸው። የተኳቸው ሱዌላ ብሬቨርማን ደግሞ ከኬንያና ከሞሪሸስ። ከምሥራቅ አፍሪካ በመጡ ሰዎች ልጆች እጅ ሰው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሊላክ! ቀጥሎ የመጣው የሌበር መንግሥት ሒሳቡን ሲከፍተው 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል፤ የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በፈቃዳቸው። ለአንድ ሰው 175 ሚሊዮን። በዚህ ዋጋ ሰው ሩዋንዳ ከመላክ ሩዋንዳን ለንደን ማምጣት ይረክስ ነበር።

እዚህ ላይ ተረቡን ትንሽ ላቁመው። በ2025 ክረምት፣ ከለንደን ወጣ ባለችው ኤፒንግ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ሆቴል የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ 12 ወር ተፈረደበት። በዚህ አይቀለድም፤ «የእኛ ልጅ ነው» ብሎ መሸፋፈንም የለም። ሆቴሉ ፊት ወጥተው የጮኹት እናቶች ሁሉ ዘረኛ አልነበሩም። በአንድ ሰው ወንጀል ሆቴል ያደረውን ሁሉ መኮነን የፈለጉት ግን በእናቶቹ መሐል ተሰልፈው ነበር።

ተረቡ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሊላክ ሲጠበቅ እስር ቤቱ በስሕተት ለቀቀው። አገር ምድሩ ሁለት ቀን ሲፈልግ ሰነበተና ተያዘ፤ ሲሳፈር እንዳያስቸግር 500 ፓውንድ ተሰጥቶት ተላከ። በእጁ ያለውን እስረኛ በር ከፍቶ የሸኘ መንግሥት ነው የእንግሊዝ ቻነልን የሚያህል ባሕር እዘጋለሁ የሚለው። ፖለቲከኛው ናይጀል ፋራዥ ደግሞ ዳር ቆመው ድምፅ ይቆጥራሉ። ብሬግዚት ስደትን ይቀንሳል ብለው የሸጡት እሳቸው፤ ብሬግዚት መጥቶ ስደት አልቀነሰም ብለው የሚቆጡትም እሳቸው።

መራጩን ፋራ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ አልለውም። የቤት ኪራዩ ደመወዙን በልቶታል፤ ሐኪም ለማየት የሚሰጠው ቀጠሮ በሽታው ከዳነ በኋላ ይደርሳል፤ አባቱ የሠራበት ፋብሪካ ተዘግቶ መጋዘን ሆኗል። ነባሮቹ ፓርቲዎች አቤት ሲላቸው ግማሾቹ «ዘረኛ» አሉት፤ ግማሾቹ «ይስተካከላል» ብለው ሃያ ዓመት አስጠበቁት። እነ ጋሽ ኼርት ቢያንስ ዓይኑን እያዩ አወሩት። አወሩት እንጂ ኪራዩን አላወረዱለትም። የጠየቀው ቤትና ሐኪም ነበር፤ የደረሰው የ16 ሰው መርከብና የውሸት ትኬት ነው። ቤትና ሐኪም ቢያገኝ ደግሞ ማን ይመርጣቸዋል?

የእኛኑም ሰው ሳልነካ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። ወረቀቱ እስኪወጣለት ድረስ «ስደተኛ ወንድሜ» የሚል፣ ፓስፖርቱን የተቀበለ ማግስት «አሁንስ በዙ!» የሚል ሐበሻ አታውቁም? ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«እነዚህ አዲስ የመጡት አገሩን አበላሹት።»

«አንተ በየት ነበር የመጣኸው?»

«በሊቢያ።»

«እነሱስ?»

«በሊቢያ። የእኛ ጊዜ ግን ጀልባው ደህና ነበር።»

ነገሩ ከዚያ ሠርግ ቤት አልፎ አዲስ አበባ ደርሷል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ እንዲመለሱ የተወሰነባቸውን ዜጎቿን ለመቀበል በበቂ አልተባበረችም ብሎ የቪዛ ደንቡን አጠበቀብን። የማመልከቻው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ተለጠጠ፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ቀረ፤ የዲፕሎማት ፓስፖርት የያዘም ይክፈል ተባለ። ሳይጠይቁ በጀልባ የሄዱት አልመለስ ስላሉ፣ ፎቶ ተነሥተው፣ የባንክ ሒሳብ አሳትመው፣ ኤምባሲ በር ላይ በሥርዓት የተሰለፉት ተቀጡ።

«በሕጋዊ መንገድ ኑ» ነው የሚሉን። እሺ ብለን ተሰለፍን፤ 45 ቀን ጠብቁ አሉን። ከመወሰናቸው በፊት ደላላውን ቢጠይቁት ጥሩ ነበር፤ እሱ ቀጠሮ የሚሰጠው ለነገ ማታ ነው።